ሴት የምትታመመው ስትወልድ ብቻ አይደለም

(ደሴ ላይ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለቅሬ (በወሎ የዕድር ስም ነው) ሰብሳቢዎችና ለአካባቢው ሴቶች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። ወሎ ላይ ነንና ሁለቱንም ብያለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የሥርዓተ ፆታ እኩልነት በጤና ፖሊሲና አገልግሎት» ይላል። ሰፊ ነው። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በደቡብና በሰሜን ወሎ ጤና ጣቢያዎች ነው። ስለዚህ የምናገረው ከማዋለጃ ክፍሉና ከካርድ ክፍሉ መስኮት ተነሥቼ ነው። ይዤ የመጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የጤና ሥርዓታችን ሴትን የሚያያት ስታረግዝና ስትወልድ ነው። ከዚያ በፊት ያለችውን ልጃገረድ፣ ከዚያ በኋላ ያለችውን እናት፣ ጨርሶ ያልወለደችውን ሴት ግን ብዙም አያይም።

ሰው እንዳይቀየመኝ መጀመሪያ የተሠራውን ልናገር። ብዙ ተሠርቷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ይህ ቁጥር 412 ሆኗል። በ1992 በጤና ተቋም የሚወለዱት ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ። በ2008 26 ደረሱ፣ በ2011 ደግሞ 48። ዛሬ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ማዋለድ፣ የቤተሰብ ምጣኔና ክትባት በነፃ ነው።

ከጤና ጣቢያ ርቀው ለሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ማቆያ ቤት አለ። ቀኗ የደረሰ ሴት እዚያ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። ገንፎው እንዲያው አልመጣም። እናቶች «ቤቴ ብወልድ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ገንፎዬን እበላለሁ፣ እናንተ ዘንድ ምን አለ?» እያሉ ይቀሩብን ነበር። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ገንፎው ወደ ጤና ጣቢያ ገባ፣ እነሱም መጡ። ሴቷን ጠይቆ አገልግሎቱን በእሷ ልክ ማስተካከል ማለት ይኼ ነው። እንደምንችል በወሊድ ላይ አሳይተናል።

ከበሽሎ በረሃ ቁልቁለት በቃሬዛ የወጡ እናቶችን ተቀብዬ አውቃለሁ። ተሸካሚዎቹ ላባቸው እየተንጠባጠበ ነው የሚደርሱት። ቃሬዛውን ካስቀመጡ በኋላም ወዲያው አይሄዱም። የሕፃኑን ድምፅ እስኪሰሙ ግቢው ውስጥ ቁጭ ይላሉ። የወሎ ወንድ ለሴት አይጨነቅም የሚል ሰው ይኼን አላየም። ነገር ግን ያችው ሴት ከዓመታት በኋላ ጡቷ ላይ እብጠት ቢወጣባት፣ ቃሬዛ የሚያነሣላት የለም። እንኳን ቃሬዛ የትራንስፖርት ብር የሚሰጣት የለም።

ነገሩ ከላይ ይጀምራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት በግልጽ ደንግጓል። ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ አንቀጽ ውስጥ ስለ ጤና የሚናገረውን ንዑስ አንቀጽ 9ን ግን እስቲ አንብቡት። በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚመጣ ጉዳት ስለ መጠበቅና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነው የሚያወራው። እዚያው ያቆማል። ታች ቀበሌ ድረስ ስትወርዱም ያው ነው። በግምገማ ስብሰባ ላይ «ለምን ዝቅ አለ?» ተብዬ የተጠየቅሁት ስለ ወላዶች ቁጥር፣ ስለ ቅድመ ወሊድ ክትትልና ስለ የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው። ስለ 60 ዓመት ሴት አንድም ቀን ተጠይቄ አላውቅም። የደም ግፊቷን የምንለካላት ስታረግዝ ነው። ማርገዝ ስታቆም እኛም መለካት እናቆማለን። ግፊቱ ግን የሚብሰው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንዲት እናት ልጃቸው ምጥ ይዟት አብረዋት መጥተው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። ሲነጋጋ ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈትተው ወረንጦ አወጡ። ትንሽ መስታወት ግድግዳው ላይ አስደግፈው የዐይን ሽፋሽፍታቸውን አንድ በአንድ ይነቅሉ ጀመር። «ምነው እማማ?» አልኳቸው። «ይወጋኛል ልጄ። አብሽሪ፣ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። እንባቸው ግን ይወርዳል።

ይኼ ትራኮማ ነው። ደጋግሞ ሲይዝ የዐይን ሽፋንን ከውስጥ ያጠባስሰዋል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዐይኑን ይፍቀዋል፣ በመጨረሻም ብርሃን ያጠፋል። ክልላችን በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ከተጫናቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሴቶች በትራኮማ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። ለምን? በሽታው ከሕፃናት ዐይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ሕፃኑን አቅፋ የምታሳድገው ሴት ናት። ዐይኑን በነጠላዋ የምትጠርገውም እሷ ናት። በዚያው ነጠላ የራሷንም ዐይን ትጠርጋለች። ስለዚህ ትራኮማ የዐይን በሽታ ብቻ አይደለም። በቤት ውስጥ ሥራ ለማን እንደተጫነ ዐይን ላይ ተጽፎ የሚታይበት በሽታ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ከባድ አይደለም። የሠለጠነ ነርስ ሽፋኑን ብቻ አደንዝዞ ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራዋል። በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባሉ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፣ በዐይን ሕክምና ድሮም ይታወቃል። እኚያ እናት ጤና ጣቢያችንን ብዙ ጊዜ ረግጠውታል። ልጅ ሊያስከትቡ መጥተዋል፣ ምራት ሊያስወልዱ መጥተዋል፣ አማት ሊያስታምሙ መጥተዋል። ሁልጊዜ አስታማሚ ሆነው ነው የመጡት። ስለዚህ እርስዎስ ብሎ ዐይናቸውን ገለጥ አድርጎ ያየ አልነበረም።

ስለ ማህፀን መውጣትም ልናገር። አባቶቼ፣ ይህን በአደባባይ በማንሣቴ አትቀየሙ። በየቤታችሁ ያለ ነገር ነው። ብዙ የወለደች፣ ምጧ የረዘመባት፣ በወለደች በሳምንቷ ጀሪካን ያዘለች ሴት ማህፀኗን የሚይዙት ጅማቶች ይላላሉ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ወሎ ደግሞ ዳገት ነው። ማህፀኑ ይወርዳል። መቀመጥ ያስቸግራታል። ሽንት ያመልጣታል። ከባሏ ጋር መተኛት ሥቃይ ይሆንባታል። ጎረቤት ሲጠይቃት «ወገቤን ነው» ትላለች።

እንደምንም ጨክና ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ሕመሟን መጀመሪያ የምትናገረው በካርድ ክፍሉ መስኮት ነው። ከኋላዋ ሰልፍ አለ። የሠፈሯ ሰዎች አሉ። አንዳንዴም አማቷ አሉ። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ይላታል የካርድ ክፍሉ ልጅ፣ ጮክ ብሎ። ምን ትበል? «ራሴን» ትላለች። የራስ ምታት ኪኒን ይዛ ትመለሳለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኔ ግን ማን አስደበቃት ብዬ እጠይቃለሁ። መስኮቱ ነው ያስደበቃት። ይኼን ለማስተካከል አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ሕመምን የመጠየቂያው ቦታ ከመስኮቱ ወደ ምርመራ ክፍል ይዛወር። ክፍሉ መጋረጃ ይኑረው፣ በሩ ከውስጥ ይዘጋ። መፍትሔው ደግሞ አለ። ሲጀማምር የተያዘ በልዩ የአካል እንቅስቃሴ ይሻለዋል። ማህፀኑን ከውስጥ የሚደግፍ ቀለበት አለ። የባሰው ኦፕራሲዮን ይደረጋል።

የማህፀን በር ካንሰርም እንደዚሁ ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ከብዙዎቹ የሚለየው አስቀድሞ ሊደረስበት መቻሉ ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ምርመራ ማድረግ ትችላለች። የአቼቶ ዓይነት ፈሳሽ ተቀብቶ ይታያል። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይነገራል። ምልክት ከተገኘ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይወገዳል። ለልጃገረዶች ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክትባት አለ። መጀመሪያ የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጆች ነበር። «ልጆቻችንን ሊያመክኑብን ነው» የሚል ወሬ በየሠፈሩ እንደሚወራ አውቃለሁ። ውሸት ነው። ክትባቱ የሚከላከለው ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ነው። ልጃችሁን አስከትቡ። እናትየዋ ግን ልጇን አስከትባ ራሷ ሳትመረመር ትመለሳለች። እዚያም አስታማሚ ናት።

አሁን ወደ ውሳኔው ልምጣ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተነዋል። በጤና ጉዳይ ይኼ ተረት ሰው ይገድላል። በ2008ቱ ጥናት ሴቶች ሲታመሙ ሕክምና ለማግኘት ምን እንደሚያስቸግራቸው ተጠይቀው ነበር። ከ10 ሴቶች 7ቱ ቢያንስ አንድ ችግር ተናግረዋል። ገንዘብ ያሉት ከግማሽ በላይ ናቸው። ሲሶ ያህሉ ደግሞ ለመሄድ ፈቃድ ማግኘት ራሱ ችግር ነው ብለዋል። አስቡት። ያማታል፣ ጤና ጣቢያው አለ፣ መድኃኒቱ አለ፣ እሷ ግን የሚፈቅድላት ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች።

ጤና መድንን ውሰዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር፣ በአገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። ወሎ በዚህ ነገር ቀዳሚ ነው። ልንኮራበት ይገባል። መድኑ ለሴት ትልቅ ዕረፍት ነው። ለእያንዳንዱ ሕመም ብር ስጠኝ ብላ እጇን አትዘረጋም። ግን ምዝገባው በቤተሰብ ነው። ደብተሩም በአብዛኛው በአባወራው እጅ ነው። እሱ ለቀን ሥራ ኮምቦልቻ ወርዶ ከሆነ፣ ደብተሩም አብሮት ኮምቦልቻ ወርዷል። እሷ ቤት ውስጥ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። ቀላል መፍትሔ አለው። ለእያንዳንዱ አዋቂ አባል የራሱ መታወቂያ ይሰጠው። ይኼ እስኪሆን ድረስ ወንድሞቼ፣ ደብተሩን ሣጥን ላይ አስቀምጣችሁ ውጡ።

በሆስፒታል ደግሞ «ባልሽ የታለ? መጥቶ ይፈርም» የሚል ነገር አለ። ለባልደረቦቼ በግልጽ ልናገር። ራሷን ያልሳተችና መወሰን የምትችል አዋቂ ሴት በራሷ አካል ላይ ለሚደረግ ሕክምና የምትፈርመው ራሷ ናት። ቤተሰብ ቢመክራት መልካም ነው። ፊርማው ግን የእሷ ነው። ባልየው ሲታመም ሚስቱ ትፈርም ስንል ሰምቼ አላውቅም።

እኩልነት ሲባል የሴት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አለ። አይደለም። ወንዱም በዚህ አመለካከት ይጎዳል። ወንድ ልጅ አያቃስትም ተብሎ ስላደገ፣ ሳል ወራት ቆይቶ ደም ሲቀላቅል ነው ቲቢ ክፍል የሚመጣው። ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራም የምናገኘው ሚስቱን ነው። እሷ በእርግዝና ክትትል ትመረመራለች፣ እሱ ውጤቷን ሰምቶ «እኔም ነፃ ነኝ» ይላል። እንደዚያ አይሠራም። የእሷ ውጤት የእሷ ነው። ጤና ጣቢያዎቻችንም ወንድ የሚመጣበትን ሰዓትና መንገድ አላሰቡለትም። ይኼ የራሱ ንግግር የሚፈልግ ነው።

አሁን ስለ ሠራተኞቹ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ። በገጠሩ ሴቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ከ30,000 በላይ ናቸው። ቅድም የጠቀስኩላችሁ የእናቶች ሞት ቅነሳ በእግራቸው የመጣ ነው። ገና ልጅ እያሉ ተመድበው፣ ዳገት ወጥተው፣ ውሻ ነክሷቸው፣ ሌሊት በር ተንኳኩቶባቸው ነው የሠሩት። እንግዳ ሲመጣ አቀባበል ላይ እናቆማቸዋለን። በጀት ሲመደብ ግን ከጠረጴዛው ዙሪያ አናገኛቸውም።

ከእነሱ በታች ደግሞ የሴቶች ልማት ሠራዊት መጣ። አንድ ለአምስት እየተደራጁ ጎረቤቶቻቸውን የሚያስተምሩ፣ ነፍሰ ጡር የሚመዘግቡ፣ ለስብሰባ የሚጠሩ እናቶች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ከብት አስገብታ፣ በተረፋት ሰዓት የመንግሥትን ሥራ የምትሠራ ሴት ናት። ይኼን ተሳትፎ ብለን እንጠራዋለን። ወንዱን ግን ያለ ክፍያ በየሳምንቱ ና አንለውም። እኔ እንደ እምነቴ ሥራ ከሆነ ይከፈልበት። ካልተከፈለበት ደግሞ በግድ አይሁን።

ከላይ ሲታይ መልካም ነገር አለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ሚኒስትሮቻችን ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ ዶክተር ሊያ ታደሰ፣ ከ2016 ጀምሮ ዶክተር መቅደስ ዳባ። ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው። ደስ ይላል። ልጆቻችን እያዩ ያድጋሉ። ግን እኔ የምመዝነው ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ተረኛ በሆነችው አዋላጅ ነው። ማረፊያ ክፍሏ ቁልፍ አለው? ግቢው መብራት አለው? ጥበቃ አለ? የሴት ባለሙያ ደኅንነት ካልተጠበቀ ሌሊት የምትወልደውን እናት ማን ይቀበላታል?

ስለ ወሊድ ፈቃድም ላንሣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ ሰጥቷል። ለአባትየው 3 ቀን። ከበፊቱ ይሻላል። ይኼ ግን ለተቀጠረች ሴት ነው። የገበሬዋ ሴት ፈቃድ ስንት ቀን እንደሆነ የሚወስነው ቤቱ ውስጥ ሌላ ውሃ የሚቀዳ ሰው መኖሩ ነው። የማህፀን መውጣትን ከዚህ ነጥሎ ማከም አይቻልም። የቧንቧ ውሃ ለቀበሌው ሲገባ የማህፀን ሕክምናም ገባ ማለት ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤት ሰዎች እዚህ መጥታችሁ ከሆነ፣ ይኼ የእናንተም ሥራ ነው።

ጦርነቱን ሳላነሣ አልወርድም። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ጤና ተቋሞቻችን ተዘረፉ። አልጋ ሳይቀር ሄደ። ሴቶቻችን ምን እንደደረሰባቸው ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አልተናገሩም። ስለዚህ ማወቅ ያለባችሁን ብቻ ልንገራችሁ። የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰችልን ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት እንሰጣታለን። እርግዝናን የሚከላከለው ደግሞ እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። አርግዛ ከተገኘችም ሕጉ ደኅንነቱ የተጠበቀ ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅድላታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ያስቀመጠው ነው። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ፣ ማስረጃ አምጪ ብለን አንመልሳት። ሕክምናው ይቅደም። ጊዜው ያለፈባትም ብትሆን ትምጣ። ሌላ የምናክመው ነገር አለ፣ የሚያዳምጥ ሰውም አለ።

ከእናንተ የምጠይቀው እንግዲህ ይኼን ነው። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለሴቶች የግፊት፣ የስኳርና የማህፀን በር ምርመራን በገበያ ቀን አድርጉት። ባቲ ላይ ሰኞ ማለት ገበያ ነው፣ ሴቱ ከየገጠሩ ይወጣል። ዕቃዋን ሸጣ በዚያው ትመረመር። ለምርመራ ብቻ ሌላ ቀን ውጪ ብትሏት ማን ይለቃታል? ልጅ ልታስከትብ የመጣችውንም «አንቺስ?» በሏት። አንድ ቃል ናት፣ ወጪ የላትም።

የቅሬ ሰብሳቢዎች፣ ቅሬ የሞተን ቀብሮ ዕዝን ቁጭ ብሎ ያጽናናል። ምጥ ሲይዝም ቃሬዛ ያነሣል። ከመዋጮው ላይ ጥቂት ብር ለሕክምና መጓጓዣ ይለይ። ብሩ ለሴቷ በእጇ ይሰጥ፣ በባሏ በኩል አይዙር። መስጊድና ቤተ ክርስቲያንም አለን። በወዳጃ ጸሎት ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ቡናው ሲፈላ የማህፀን በር ምርመራ ይነሣ። ከእኔ ንግግር ይልቅ የአንዲት ዱበርቲ፣ በጸሎቷ የተከበረች እናት፣ ቃል ይሰማል።

የወረዳ ምክር ቤት አባላት ደግሞ፣ የጤና በጀት ሲቀርብላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ከዚህ ውስጥ ላልወለደችና መውለድ ላቆመች ሴት የተያዘው የቱ ነው? መልሱን በቃለ ጉባኤ አስይዙልኝ።

አሁን ጥያቄና አስተያየት ነው። ከፊት ያላችሁ ወንድሞቼ እጃችሁን አውርዱልኝ። ከኋላ በሩ ሥር ከተቀመጡት እናቶች እንጀምራለን። ማይኩን ወደ እነሱ አድርሱልኝ።